አንዴ ብቻ የሚጠይቁ ሰዎች

ልጄ ከቤት መውጣት ያቆመችው አስራ ስድስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት ነው። በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ የትምህርት ቤት አውቶቡስ አልሳፈርም አለች፤ እሺ ብዬ በመኪና ማድረስ ጀመርኩ። ከዚያ ከመኪናው አልወርድም አለች። በሩ ላይ ቆመን፣ ከኋላችን ሌሎች ወላጆች ክላክስ እያደረጉብን፣ እሷ የወንበሩን ቀበቶ በሁለት እጇ ጨብጣ ትንፋሽ ሲያጥራት የማደርገው ይጠፋኝ ነበር። ውሃ ሰጠኋት። አማተብኩባት። ተቆጣኋት። ከዚያ አቅፌያት እኔው አለቀስኩ።

ሐኪሟ ኤንዛይቲ፣ የጭንቀት ሕመም ነው አለችን፤ ወረቀትም ሰጠችኝ። እኔ ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። የአማርኛውንም ቢሆን ቀስ እያልኩ ነው የማነበው፤ የእንግሊዝኛውን አስተርጓሚ በስልክ አነበበልኝ። አንብቦ ሲጨርስ «ገባዎት?» አለኝ። «ገባኝ» አልኩት። ምንም አልገባኝም።

ትምህርቷን ከቤት ሆና በኮምፒውተር እንድትማር ተፈቀደላት። አባቷ ትራክ ነው የሚነዳው፤ በሳምንት አንድ ቀን ብናየው ነው። ከቴክሳስ ወይ ከኔብራስካ ይደውልና «ወጣች?» ይለኛል። «አልወጣችም።» «በይ እኔ እስክመጣ ጠብቂያት» ይላል፣ ልክ የምትሸሽ ይመስል። የኔ ፍርሃት ግን የዚያ ተቃራኒ ነበር። በሯን ዘግታ እዚያው እንዳትቀር ነው የፈራሁት። እንደዚያ የቀሩ ልጆች እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ ሃያ አምስት ዓመት ሞልቷቸው እናታቸው ምግብ በር ላይ አስቀምጣላቸው የምትሄድ። ሌላ ፍርሃት አልነበረኝም። ይሄ አንዱ እንቅልፍ ለመንሳት ይበቃኝ ነበር።

ሥራዬ ሰው ቤት እየሄድኩ አረጋውያንን መንከባከብ ነው። ያኔ የምሠራው እዚሁ ዴንቨር፣ ፓርክ ሂል በሚሉት ሰፈር፣ ዘጠና ዓመት የተጠጉ አንዲት ፈረንጅ ሴት ቤት ነበር። በስሜ ጥሪኝ ይሉኛል፤ በዚያ ዕድሜያቸው እንዴት ብዬ? አፌ እምቢ ሲለኝ «እማማ» አልኳቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ አላቸው፤ ከዚያ ወዲህ በስማቸው ብጠራቸውም አቤት አይሉም። ልጄን ብቻዋን ትቻት መዋል ስለፈራሁ ይዣት መሄድ ጀመርኩ። ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው መሰለኝ እሷም እሺ አለች። የመሥሪያ ቤቴ ደንብ አይፈቅድም። ይህን ለእማማ ስነግራቸው ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው «እኔ ማንንም አላየሁም» አሉ። ልጄ ያን ቀን ከስንት ጊዜዋ ሳቀች።

የእማማ ሳሎን ግድግዳ ላይ ቫዮሊን ተሰቅሏል። እሳቸውና መሰሎቻቸው ፊድል ነው የሚሉት። እማማ የተወለዱት ወዲያ በአሜሪካ ምሥራቅ፣ ተራራማው አገር ነው፤ በልጅነታቸው ሰው እህል ሰብስቦ ሲጨርስ የእህል መጋዘን ውስጥ እየተጨፈረ እሳቸው ይመቱ እንደነበር ይነግሩናል። አሁን ጣታቸው በቁርጥማት ተቆላልፏል። በማንኪያ የማጎርሳቸው እኔ ነኝ።

«አውርጂው» አሏት አንድ ቀን ልጄን።

«መጫወት እኮ አልችልም» አለች።

«እኔም አሁን አልችልም። እንግዲህ እኩል ነን።»

አወረደችው። እማማ አንዲት ቁራጭ ዜማ፣ ከአንድ ትንፋሽ የማትበልጥ፣ በአፋቸው አንጎራጎሩላት። ልጄ ደጋኑን ይዛ ጅማቱ ላይ ስትፈልጋት፣ ስታጣት፣ እንደገና ስትፈልጋት ዋለች። ድምፁ ድመት ረግጠው የያዙ ይመስል ነበር። እማማ አልሰለቹም። ያቺን ስታገኝ ሌላ ቁራጭ ጨመሩላት። ወጥ ቤት ሆኜ ሾርባ እያሞቅኩ ስሰማ ገረመኝና «ወረቀት የለውም እንዴ ይሄ ነገር?» አልኳቸው። ልጆች ሙዚቃ ሲማሩ ፊታቸው ወረቀት እንደሚቆም አይቻለሁ።

«እኔን ያስተማረኝ አጎቴ ስሙን መጻፍ አይችልም ነበር» አሉኝ። «የሚያውቀው ዜማ ግን ክረምቱን ሙሉ አይደገምም።»

ያን ቀን እማማን የበለጠ ወደድኳቸው። ልጄ አንድ ነገር ያለ ወረቀት ስትማር ማየቴ፣ እኔም በጆሮዬ ልከተላት መቻሌ፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ከበሯ ውጭ የቆምኩ ሳይሆን አብሬያት የገባሁ አስመሰለኝ።

ቫዮሊኑን ወደ ቤት እንድትወስደው ፈቀዱላት። ጥቂት ወር እንዲህ ሄደ። ከዚያ እማማ «ከኔ የምትማሪው አበቃ» አሏት። «ይሄ ሙዚቃ ብቻውን አያድግም። ሰው መሐል ነው የሚኖረው።» እዚያው ፓርክ ሂል፣ አንድ የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ የሚሰበሰቡ ሰዎች አሉ፤ ጀማሪም ጎበዝም አብሮ ይቀመጣል፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚመታው፣ ማንም ክፍያ አይጠይቅም አሉ። ልጄ ፊቷ ጠቆረ። «ማንም አይነካሽም» አሏት እማማ። «ሂጂና በር ላይ ቆመሽ ስሚ። ከጠላሽው ተመለሺ።»

ሁለት ሳምንት አሰበችበት። በሦስተኛው ቅዳሜ ራሷ ጫማዋን አደረገች። እኔም የመኪናውን ቁልፍ አነሳሁ።

ምድር ቤቱ ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ጡረታ የወጣ ፖስተኛ አለ፣ ነርስ አለች፣ አንገቱ ድረስ የተነቀሰ ወጣት አለ። ጊታር፣ ማንዶሊን፣ ሰው የሚያክል ቤዝ። ክቡን የሚመሩት ባንጆ የሚመቱ ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ ሱሪያቸውን በማንገቻ ነው የሚይዙት። ልጄን ሲያዩ ማን ነሽ፣ ከየት ነሽ አላሏትም። በእግራቸው አንድ ባዶ ወንበር ወደ ክቡ ገፋ አደረጉላትና መምታታቸውን ቀጠሉ። እኔ ከኋላ፣ ግድግዳው ጥግ ላይ ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያው ሰዓት የድሮ ዜማ ነው። ሁሉም አንዱን ዜማ አብሮ ይመታል፤ አስር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ እየደጋገመ። የተሳሳተውም ያልተሳሳተውም ተቀላቅሎ ነው የሚሰማው። ልጄ ትከሻዋ ቀስ በቀስ ሲወርድ አየሁ። ሁለተኛው ሰዓት ላይ ግን ብሉግራስ የሚሉት ይመጣል፤ እሱ ተራ አለው። ሌላው ቀስ ብሎ ያጅባል፣ አንዱ ብቻውን ጎላ አድርጎ ይመታል፣ ከዚያ ለጎኑ ያስተላልፋል። ሽማግሌው ተራው የደረሰውን ሰው በአገጫቸው ይጠቁሙታል። የፈለገ ይጀምራል፤ ያልፈለገ ራሱን ወዝወዝ ያደርጋል፣ ተራው ወደሚቀጥለው ያልፋል። ዜማው አይቆምም።

ተራው ልጄ ጋ ደረሰ። ሽማግሌው ጠቆሟት። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ራሷን ወዘወዘች። አለፋት።

እኔ ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? ኩራት። ጨዋ ልጅ ናት አልኩ። እኔ ነኛ ያስተማርኳት! ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሰው ቤት ስንሄድ በር ላይ አስቁሜ የምላት አንድ ነገር ነበር፤ ብይ ሲሉሽ መጀመሪያ «በልቻለሁ» በይ። ሁለተኛም ሲሉሽ «አይ በቃኝ»። በሦስተኛው፣ በሞቴ ሲሉሽ፣ ያኔ ትንሽ አንሺ። በመጀመሪያው ጥያቄ እጁን የሚሰድ ልጅ ያላሳደጉት ነው። እንግዲህ ልጄ እየጠበቀች ነው አልኩ። በሞቴ እስኪሏት።

አላሏትም። በሚቀጥለው ቅዳሜም አላሏትም። በሚቀጥለውም። በየሳምንቱ ሁለተኛው ሰዓት ላይ አገጫቸውን ወደ እሷ ያነሳሉ፣ እሷ ራሷን ትወዘውዛለች፣ ተራው አልፎ አንገቱ የተነቀሰው ልጅ ጋ ይሄዳል። ስድስት ቅዳሜ ቆጠርኩ። ኩራቴ አለቀና ሌላ ነገር ውስጤ ገባ። ይቺን አንዲት ጥቁር ልጅ ሊለምኗት አልፈለጉም ይሆን? እስኪለምኗት ስትጠብቅ ቆይታ ተስፋ ቆርጣ ብትተወውስ? ተመልሳ ክፍሏ ብትገባስ?

ሃቫና በሚሉት ጎዳና ላይ በርበሬና ሽሮ የምትሸጥ ጓደኛ አለችኝ። ሄጄ አወራኋት።

«ምን? ፊድል?» አለች፣ ሽሮውን እየመዘነች። «ይህን ሁሉ ውቅያኖስ ተሻግረሽ ልጅሽን አዝማሪ ልታደርጊልን?»

«አንቺ ደግሞ፣ ተይ የኔ እመቤት፣ አልቀልድም። አንዴ ይጠይቋታል፣ እምቢ ስትል ዝም።»

ሳቀች። «ፈረንጅ እኮ አንዴ ነው የሚጠይቀው! እኔ የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ አለቃዬ ‹ምሳ በላሽ?› አለችኝ። ‹በልቻለሁ› አልኳት፣ አንጀቴ ታጥፎ። ‹ደግ› ብላኝ ፊቴ ተቀምጣ ፒዛዋን ጥርግ! በሞቴ የምትለኝን ስጠብቅ ስጠብቅ ቆሻሻውን ጥላ ተነሳች።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ንገሪያቸዋ። አያውቁም። ባህላችን ነው፣ ሦስት ጊዜ ጠይቋት በያቸው። ምን ያሳፍራል?»

አሁን ሳስበው፣ ያላየሁት ብዙ ነገር ነበር። ልጄ ቅዳሜ ማታ ራት ከእኔ ጋር ጠረጴዛ ላይ መብላት ጀምራ ነበር። የክፍሏን በር ገርበብ አድርጋ መተው ጀምራ ነበር። በበጋ ተራራ ላይ ሰው ድንኳን ተክሎ ሳምንት ሙሉ ይህንኑ ሙዚቃ የሚማርበት ካምፕ አለ፤ ሽማግሌው የሰጧትን ወረቀት አልጋዋ ራስጌ ለጥፋው ነበር። ከሰው ጋር ሳምንት ሙሉ ልታድር! ይሄ ሁሉ ዓይኔ ሥር ነበር። እኔ ግን የማየው ያቺን የምታልፋትን ተራ ብቻ ነው።

በሰባተኛው ቅዳሜ ልጄ መጸዳጃ ቤት ስትገባ ሽማግሌውን ጠጋ አልኳቸው። እንግሊዝኛዬ ሲጨንቀኝ የበለጠ ይሰባበራል።

«ልጄ፣ አንዴ ሲጠይቋት እሺ አትልም። በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ሦስት ጊዜ ይጠይቋት። በሦስተኛው ትመታለች።»

ባንጇቸውን እየቃኙ ነበር፤ አቆሙ። «እሷ ናት እንዲህ በይልኝ ያለችሽ?»

«እናቷ ነኝ» አልኩ።

«እኛ እዚህ ሰው አንጫንም» አሉ።

«መጫን አይደለም። ማክበር ነው።»

ይህን ስል ማፈሬም ትዝ ይለኛል፣ አለመተዌም ትዝ ይለኛል። ሽማግሌው ደግ ሰው ናቸው፤ የሰው ባህል የነኩ እንዳይመስልባቸው ፈሩ። «እንግዲህ አንቺ ታውቂያታለሽ» አሉኝ። ያቺ ቃላቸው እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች።

ሁለተኛው ሰዓት ደረሰ። ተራው ልጄ ጋ ሲመጣ ሽማግሌው ጠቆሟት። ራሷን ወዘወዘች፣ እንደ ሁልጊዜዋ። ደጋኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ተራው እስኪያልፍ ጠበቀች። አላለፈም። ሽማግሌው ፈገግ ብለው እንደገና ጠቆሟት። ቀና አለች፤ ግራ ገብቷታል። አሁን ጠንከር አድርጋ ወዘወዘች። ጊታሮቹ እያጀቡ ነው፣ ግን ዓይኖቻቸው ሁሉ እሷ ላይ አረፉ። ሽማግሌው እጃቸውን አነሱና ክቡን አስቆሙት። ሰባት ሳምንት ስቀመጥ ክቡ ሲቆም አይቼ አላውቅም።

«እናትሽ ሦስት ጊዜ ጠይቃት ብላኛለች» አሏት፣ በፍቅር፣ እንደ ቀልድ። «ይሄ ሦስተኛው ነው። ልንሰማሽ እንወዳለን።»

ሰዎቹ ሳቅ አሉ። ክፉ ሳቅ አይደለም፤ አንድም ክፉ ሰው እዚያ አልነበረም። ከዚያ ሃያውም ሰው መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ ዞር ብሎ እኔን አየ። እሷም አየችኝ። ያን አስተያየት ከትምህርት ቤቱ በር አውቀዋለሁ። ከንፈሯ ነጣ። ትንፋሿ ሲያጥር ከተቀመጥኩበት ሰማሁት። ቫዮሊኑን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች፤ ቀስ አድርጋ፣ ተጠንቅቃ፣ የእማማ ነውና። ከዚያ ወጣች። እኔ ቫዮሊኑን ይዤ ከኋላዋ ስሮጥ ሽማግሌው ቆመው «ይቅርታ፣ ይቅርታ» ይላሉ። ማንን እንደሆነ አላውቅም።

መኪና ውስጥ ቀበቶውን በሁለት እጇ ጨብጣ ነበር። መንገዱን ስናጋምስ ተናገረች፤ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሲከፋት አማርኛው ይጠፋታል።

«ለምን ነገርሻቸው?»

«እኔ እኮ… ይሉኝታ ይዟት ነው ብዬ…»

«ይሉኝታ ምንድን ነው?»

ቃሉን አታውቀውም። እኔ ያን ሁሉ ዓመት በር ላይ እያስቆምኩ ያስተማርኳት መስሎኝ፣ እሷ ያጠናችው ምላሹን ብቻ ነው።

«ኖ ያልኩት ኖ ስለሆነ ነው፣ እማዬ። ገና አልደረስኩም ነበር። እነሱ ደግሞ ኖ ስል ይተዉኝ ነበር። በዓለም ላይ ኖ ስል የሚሰማኝ ቦታ እዛ ብቻ ነበር። አንቺ ጋ አይደለም። አባዬ ጋ አይደለም። እዛ ብቻ።» ከዚያ በአማርኛ፣ «አበላሸሽው» አለችኝ።

ቤት ስንደርስ ክፍሏ ገባች። በሩን አልወረወረችውም፤ ቀስ ብላ ዘጋችው። ቢወረወር ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ እማማ ቤትም አልሄድም አለች። ምሳ በር ላይ ማስቀመጥ ጀመርኩ። አንድ ቀን ሳህኑን አስቀምጬ ጎንበስ እንዳልኩ ምን እያደረግኩ እንደሆነ ድንገት ታየኝና እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ከበሩ ስር ብርሃን ይታያል፣ ድምፅ የለም። የካምፑን ወረቀት ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አገኘሁት፤ ሳይቀደድ፣ አራት ታጥፎ። አባቷ ደውሎ «ምን ተፈጠረ?» ሲለኝ «ጉንፋን ይዟታል» አልኩት። ለባሌም ዋሸሁ።

ለእማማ እውነቱን ነገርኳቸው። እግራቸውን እያጠብኩ ነበር። «ይደውሉላት» አልኳቸው፣ «እርስዎን ትሰማለች።» ራሳቸውን ወዘወዙ። «የኔን ጣት በግድ የሚዘረጋ ሐኪም ነበረኝ» አሉ። «ካሰናበትኩት በኋላ ነው ትንሽ የተሻለኝ።»

ያ ከሆነ በሦስተኛው ቅዳሜ ብቻዬን ወደ ክቡ ሄድኩ። ባዶ እጄን መግባት አፍሬ ሳምቡሳ ጠብሼ ያዝኩ። ሲያርፉ አዞርኩላቸው። አንዱም «በልቻለሁ» አላለም፤ ሳህኑን ገና ሳላስጠጋ እጃቸው ገባ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ሽማግሌውን ወደ ጎን ጠራሁና ያሰብኩትን ነገርኳቸው። በእኛ ዘንድ የተቀየመ ሰው ካለ ሽማግሌ ይላካል። ሁለት ሰው ይያዙና ቤቴ ይምጡ፤ በሯ ላይ ቆመው ነይ ይበሏት፤ ይለምኗት።

«መጥቼ ምን እላታለሁ?»

«እንፈልግሻለን ይበሏት። ደጋግመው።»

ማንገቻቸውን ያዝ ለቀቅ አደረጉ። ዓይናቸው ቀልቷል። «ያጠፋነው እሱን ነው እኮ፣ እኔና አንቺ። እንደገና በሯ ላይ ሄጄ ላጥፋ?» ወንበሩን በእጃቸው አሳዩኝ። በክቡ ውስጥ፣ በፖስተኛውና በነርሷ መሐል፣ ባዶ ወንበር አለ። «በየሳምንቱ እናወጣዋለን። ከዚህ በላይ የማውቀው የለም።»

ተናደድኩባቸው። ወንበር ማውጣት ምንድን ነው? ሰው ልጅ ሲጠፋበት ወንበር ይወጣል? አገሬ ቢሆን ሰፈሩ ሁሉ በሯ ላይ ነበር የሚቆመው እያልኩ መኪናዬ ውስጥ ብቻዬን ጮህኩ። ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ በሯ ላይ ሲቆም ልጄ ምን እንደምትሆን አሰብኩ። መኪናዬን አስነስቼ ሄድኩ።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ በሯን አንኳኳሁ። «ቅዳሜ ነው። እንሂድ?»

«ኖ።»

«እሺ» አልኩ።

ይቺ እሺ ከአፌ እንዴት እንደወጣች እግዜር ያውቃል። ምላሴ ላይ የተደረደረው ሁሉ ወደ ኋላ ተመለሰ። ወጥ ቤት ገብቼ የታጠበ ሳህን እንደገና አጠብኩ። ሄጄ እንደገና ባንኳኳስ? አሁን ሐሳቧን ቀይራ ቢሆንስ? እየጠበቀችኝ ቢሆንስ? እጄን በሳሙናው ውስጥ እንደያዝኩ ስምንት ሰዓት አለፈ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠየቅኩ፤ ኖ። በሚቀጥለው ጠየቅኩ፤ መልስ የለም። መልስ የለም ማለት እሺ ነው ወይስ እምቢ? ሃያ ደቂቃ ያህል ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ተውኩት። ጠቢብ ሆኜ አይደለም። ሌላ የማደርገው ስላጣሁ ነው። በመካከሉ አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ በበሩ በኩል ቫዮሊኑን የሰማሁ መሰለኝ። እግሬ እንዳይሰማ ቆሜ ቀረሁ። ድምፁ ቆመ። እኔን ሰምታ ይሁን ጨርሳ፣ አላወቅኩም።

ያ ከሆነ በስምንተኛው ቅዳሜ «እንሂድ?» ስላት በሩ ተከፈተ። ጫማዋን አድርጋለች። ከስታለች። ቫዮሊኑ ከነሳጥኑ በእጇ ነው።

«አንቺ አትገቢም» አለችኝ።

«እሺ።»

«በር ላይም አትቆሚም። መኪና ውስጥ ነው የምትሆኚው። መስኮት ጋ አትመጪም።»

«እሺ አልኩ እኮ።»

«ፕሮሚስ?»

«ማርያምን።»

ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ፓርክ አደረግኩ። ስትወርድ ዞር ብላ አላየችኝም። በሩ ላይ ቆመች። እኔ መሪውን ይዤ ስቆጥር ነበር፤ አምሳ ስደርስ ገባች። መስኮቴን አወረድኩት። ይህን አላልሽም አልኩ በልቤ፣ የራሴን መስኮት መክፈት አልከለከልሽኝም። ድምፁ ከምድር ቤቱ ትንንሽ መስኮቶች እየሾለከ ይመጣል። የመጀመሪያው ሰዓት ዜማ ነው፣ ሁሉም አብሮ። ሦስት አራት ፊድል አለ መሰለኝ። የእሷ የትኛው እንደሆነ ለመለየት ጆሮዬን ጣልኩ። እማማ ሳሎን ውስጥ ስትመታ ከሺህ መሐል የምለያት ይመስለኝ ነበር። አልቻልኩም።

ሁለተኛው ሰዓት ሲጀመር ሰማዩ ከተራራው በኩል ጠቁሮ ነበር። አንዱ ብቻውን ሲመታ ይሰማኛል፤ ባንጆው ነው። ከዚያ ማንዶሊኑ። ተራው በየት በኩል እንደሚዞር አውቃለሁ፤ በዚያ ባዶ ወንበር ላይ ትቀመጥ ሌላ ቦታ ግን አላውቅም። ጊታር መጣ። ከጊታሩ ቀጥሎ ነው ወይስ ከነርሷ ቀጥሎ እያልኩ ሳለ፣ አንድ ፊድል ቀስ ብሎ የጀመረ መሰለኝ።

ያን ጊዜ በረዶው ወረደ። የበጋው የዴንቨር በረዶ እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ባቄላ የሚያክል ነው ስትሉ እንቁላል ያክላል። የመኪናዬን ጣሪያ እንደ ከበሮ ይደበድበዋል። መስኮቱን ዘጋሁ፣ መልሼ ከፈትኩ፣ ጭኔ ላይ በረዶ ገባ፤ ከድብደባው በስተቀር ምንም የለም። ወጥቼ ልሩጥ? መስኮት ጋ አትመጪም ብላለች። በማርያም ምያለሁ። የፊት መስታወቱ ጥግ ላይ ሲሰነጠቅ አየሁት። እጆቼን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ አንስቼ፣ ምንም የማልሰማ ሆኜ ተቀመጥኩ። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ሲያባራ መሬቱ ነጭ ነበር። ከምድር ቤቱም ድምፅ የለም።

ሰዎቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ በየመኪናቸው ጣሪያ ላይ የጎደጎደውን እያዩ ራሳቸውን ይይዛሉ። ልጄ ከመጨረሻዎቹ ጋር ወጣች። በረዶውን እየረገጠች መጣች፣ የተሰነጠቀውን መስታወት አየች፣ «ኦ ማይ ጋድ» አለች፣ ገባች። ሳጥኑን ጉልበቷ ላይ አቀፈች። ፊቷን ልየው ብል ወደ መስታወቱ ነው የምታየው።

«ሰማሽ?» አለችኝ።

«ምኑን?»

«እኔንጃ። ሙዚቃውን። ሰምተሻል?»

«በረዶው…» አልኩ። «መጀመሪያውን ሰምቻለሁ። ሁለተኛው ሰዓት ላይ ምንም አልሰማሁም።»

ዞር ብላ አየችኝ፤ ስዋሽ እንደምታውቅብኝ አውቃለሁ።

«ምንም?»

«ምንም።»

«ኦኬ» አለች። ቀበቶዋን አሰረች።

ተራዋን ተቀብላ ይሁን ራሷን ወዝውዛ፣ አላውቅም። መልሷን በስንጥቁ መስታወት በኩል ላየው የምችል ይመስል መንገዱን ብቻ እያየሁ ነዳሁ። አልጠየቅኳትም። እስካሁንም አልነገረችኝም።